ኪስ ያለው ቀሚስ

ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሥራሽ፣ ቤትሽ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው ወይስ አሁንም ካልሲውን የምታጠልቂለት አንቺ ነሽ? ሆስፒታሉስ ተረኝነቱን ቀነሰልሽ? በስልክ ድምፅሽ ደክሞ ስሰማው ሆዴ ይባባል፤ ስጠይቅሽ ግን ደህና ነኝ ትያለሽ። ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ፣ እናትሽም እንደዚሁ ነበረች። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ በደንብ እበላለሁ፣ በደንብ እተኛለሁ፣ መድኃኒቴንም ወስጃለሁ። ምን ጎደለኝ!

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። በስልክማ እንዴት ብዬ! አንድ ነገር ስጀምር፣ አባዬ መድኃኒትህን ወሰድክ? ትይኛለሽ፤ ልቀጥል ስል፣ ጋዙን ዘጋኸው? ትይኛለሽ፤ ከዚያ በሽተኛ እየጠራኝ ነው ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ደግነቱ አያቋርጥም። ደግሞ የምነግርሽ ነገር ረዘም ይላል፣ ለአፍ የማይመች ነገርም አለበት። ስለዚህ ሻይሽን ይዘሽ ቁጭ በይና አንብቢ። መጨረሻውን አስቀድመሽ እንዳታዪ! ልጅ ሆነሽም የተረት መጽሐፍ ከኋላ ነበር የምትጀምሪው።

ውርርዳችን መቼም ትዝ ይልሻል። ኮራል የሚባሉ የባሕር ፍጥረቶች ገዛሁ ብዬ ያበሰርኩሽ ቀን ቱግ አልሽብኝ። አንተ ለራስህ ሾርባ ማሞቅ የሚረሳህ ሰው እነዚህን ልታኖር ነው? አልሽኝ። እኔም እልህ ያዘኝ፣ አንቺም እልህ ያዘሽ፤ የማን ልጅ ነሽ! በመጨረሻ ፈራጇም አንቺው ሆንሽ። ለእረፍቴ ስመጣ ኮራሎቹ ፈክተው ካገኘኋቸው እዚያው ኑር፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም፤ ከሞቱ ግን የዓሣውን አኳሪየም ለሰው እንሰጠዋለን፣ አንተም ሻንጣህን ይዘህ እኔ ቤት ትገባለህ አልሽ። እሺ አልኩሽ። አፌ እሺ ሲል ልቤ ድው ብሎ ነበር። ቤትሽን ጠልቼ አይደለም፣ ልጄ። ባለቤትሽ ክፍሉን ቀለም ቀባልህ ስትዪኝ እንባዬ መጥቷል። ብቻ ይሄን ቤት መልቀቅ አልፈለግኩም። ለምን ብለሽ ያኔ ብትጠይቂኝ ኖሮ፣ ዕቃ መሸከም ስለማልወድ ነው እልሽ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምርልሽ። አኳሪየሙ የአንቺ ነው። አግብተሽ ስትሄጂ ለእናትሽ ተውሽላት፣ እናትሽ ስታርፍ ደግሞ ለእኔ ቀረ። ዓሦቹን እመግባለሁ፣ የባሕር ጨው በጥብጬ ውኃውን እቀይራለሁ፣ በቃ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሥራዬ ሆኖ ነው እንጂ ቀና ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። ሁለት ዓሣ፣ አንድ ሸርጣን፣ የቀረው ባዶ ድንጋይ።

ከላይ ፎቅ የገቡትን ልብስ ሰፊ አታውቂያቸውም፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው የመጡት። ባላቸው የሞቱባቸው ናቸው፣ ልጅም የላቸው። ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናቸው ከአናቴ በላይ ስትንጎራጎር ትውላለች። መጀመሪያ ሰሞን ቅጥል ያደርገኝ ነበር፤ በኋላ በኋላ ዝም ስትል፣ ምን ሆነው ይሆን? ማለት ጀመርኩ። አንድ ቀን ካውያቸውን ሲሰኩ የሁላችንም መብራት ድርግም አለ። ቆጣሪው በእኔ በር በኩል ስለሆነ ወረዱ። እኔ ማብሪያውን መለስኩ፣ መብራቱ መጣ፣ እሳቸው ግን አልሄዱም። ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ አኳሪየሙ ፊት ቆመው አይተው አይተው፣ ምነው ይሄ ሁሉ ውኃ ያለ አበባ? አሉኝ። ይቺን ብቻ ብለው፣ አመስግነው ወጡ።

በማግስቱ ኮራል ልገዛ ሄድኩ። እንዲያው ነው የሄድኩት፣ አየሩ ጥሩ ነበር።

ዓሣ ሻጩ እጅጌው ሁልጊዜ እስከ ክርኑ የራሰ፣ ሲያወራ ሰውን ትቶ ዓሣውን የሚያይ ሰው ነው። ለጀማሪ ለስላሳዎቹ ኮራሎች ይሻላሉ፣ እንደ ድንጋይ የሚጠነክሩት ጣጣቸው አያልቅም አለኝ። አበባ ይመስላሉ እንጂ ነፍስ ያላቸው እንስሳት ናቸው አለኝ። ሁለት መረጠልኝ። አንዱ ወፍራም ግንድና ጠፍጣፋ አናት ያለው፣ እንጉዳይ የሚመስል ነው፤ ሲፈካ አናቱ ላይ ትንንሽ ጣቶች ያወጣል። በኋላ እኔና ልብስ ሰፊዋ ጃንጥላ ብለነዋል። ሁለተኛው ብዙ ጥቃቅን እጆች አሉት፤ ደስ ሲለው መዳፎቹን ይጨብጣል ይዘረጋል፣ ይጨብጣል ይዘረጋል። እሱን አጨብጫቢ አልነው። ሱቁ ውስጥ ሲያጨበጭብ ብታዪው፣ የሰርግ አጃቢ ነው የሚመስለው።

ሻጩ አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቀኝ። ቦታ ካስያዟቸው በኋላ አይንኳቸው አለኝ። አዲስ ቤት የገባ ኮራል ይኮማተራል፣ ያኮርፋል፣ የሞተም ይመስላል። ያኔ ሰው እጁ አያርፍም፤ እስቲ ከፍ ላድርገው፣ እስቲ ወዲያ ላዙረው ይላል፣ የሚገድለውም ይሄው ነው። ስለዚህ ተክለው ሲያበቁ እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ አለኝ። እኔም እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅኩ። ምን ያደርጋል!

ኮራሎቹ በውኃ የታሰሩበትን ላስቲክ እንዳይበርዳቸው ኮቴ ውስጥ አቅፌ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ዕድሜ ልኬን ስነዳ ተሳፋሪ ቢጮህ ባይጮህ ጆሮ አልሰጥም ነበር፤ ያን ቀን ግን ሾፌሩን፣ ወንድሜ፣ አፈር ስሆን፣ ፍሬኑን ቀስ! እያልኩ ስለማመጥ ዋልኩ። አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ ሕፃን ያቀፍኩ መስሏት፣ ሲያሳዝን፣ ስንት ወሩ ነው? አለችኝ። ኮቴን ከፈት አድርጌ ሳሳያት ቦታ ቀየረች።

ቤት ስደርስ ልብስ ሰፊዋን ደረጃው ላይ አገኘኋቸውና አብረን ገባን። መጀመሪያ ሙቀቱን እንዲለምዱ ላስቲኩን ከነኮራሉ ውኃው ላይ አንሳፈፍነው። ቀጥሎ ኮራሎቹን ከነውኃቸው ባልዲ ውስጥ አድርገን፣ የአኳሪየሙን ውኃ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ አደረግንላቸው፤ አንቺ ለበሽተኛ ግሉኮስ እንደምትሰቅይው ማለት ነው። ጠብታው ሲፈጥን ቱቦውን ቆንጠጥ ማድረግ የእሳቸው ሥራ ሆነ። እጃቸው መቼም ልዩ ነው፣ ክር እንደሚይዙ ነው የያዙት። ከዚያ የተጣበቀባቸውን ተባይ እንዲያራግፉ መድኃኒት ያለበት ውኃ ውስጥ ነከር አደረግናቸው። ከጃንጥላው ሥር አንድ ትል ብቅ ሲል ልብስ ሰፊዋ ጮኸው ወንበር ላይ ወጡ። እኔም እሳቸውን ላጽናና ብዬ ሌላው ወንበር ላይ ወጣሁ።

ጃንጥላውን ታች፣ ሞገድ የሚሠራው ፓምፕ በማይደበድበው ቦታ፣ በሁለት ድንጋይ መሃል ተከልነው። አጨብጫቢውን ከጎኑ አደረግነው። መብራቱ ለአዲስ ኮራል ስለሚበረታ ቀስ በቀስ ይልመዱት ተብያለሁ ስላቸው፣ ልብስ ሰፊዋ ብድግ ብለው ሄዱና ስስ የመጋረጃ ጨርቅ ይዘው ተመለሱ። በአኳሪየሙ ልክ ቆርጠው፣ ጠርዙን ዘምዝመው፣ ከመብራቱ ሥር የሚዘረጋ ድርብርብ መጋረጃ ሰፉለት። በየሰሞኑ አንዱን ድርብ ስናነሳ ብርሃኑ እየጨመረ ይመጣል። ዓሣ ሻጩ በኋላ ይሄን ስነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ጠርዙ ላይ ጥልፍም አለበት፤ ለኮራል ጥልፍ ምን ይሠራል ብላቸው፣ ዝም ብለው ያመስግኑ አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ ጋራዥ ሄጄ ከድሮ ጓደኞቼ ጋር ዳማ እንደምጫወት ታውቂያለሽ። እኔ ሳልኖር ዓይንዎን ጣል ያድርጉባቸው ብዬ ትርፍ ቁልፉን ሰጠኋቸው። ለኮራሎቹ ብዬ ነው።

አሁን ጉዴን ስሚ። ኮራሎቹ አኮረፉ። ጃንጥላው ጣቶቹን ሰብስቦ ጭምትርትር አለ፤ አጨብጫቢው እጁን አንጠልጥሎ ቀረ። ጠበቅኩ፣ ምንም የለም። ልብስ ሰፊዋ አንድ ጊዜ፣ ታች ሆኖ እኮ አይታይም፣ አሳዘነኝ አሉ። እኔም በማግስቱ ጠዋት ጃንጥላውን ትንሽ ብርሃን ቢያገኝ ብዬ ወደ ላይኛው ድንጋይ ከፍ አደረግኩት። አንድ ጊዜ ብቻ ምን ይለዋል ብዬ እኮ ነው! ከዳማ ስመለስ ጃንጥላው ታች ወርዷል። ወይ ጉድ፣ ምን ጣለው? በማግስቱ መልሼ አወጣሁት፤ ስመለስ ወርዷል። እንዲህ እያለ ሰነበተ።

ያን ጊዜ ሸርጣኑ ላይ ዓይኔን ጣልኩ። ድንጋይ ለድንጋይ የሚያውደለድል፣ ያገኘውን የሚገፈትር ሌላ ማን አለ? ለልብስ ሰፊዋ፣ ይሄ ሸርጣን ጃንጥላውን ከቦታው እያነሳው ነው አልኳቸው። እሳቸውም ክው አሉና፣ እኔም ልነግርዎት ፈርቼ እንጂ አይቻለሁ፣ አዎ እሱ ነው፣ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል! አሉኝ። ምስክር ተገኘ፣ ፍርዱ ተሰጠ። ሰፋ ያለ የጃም ብርጭቆ ክዳኑን በሳስቼ፣ ሸርጣኑን ከትቼ፣ እዚያው አኳሪየሙ ጥግ አሰርኩት። ምግብ አልከለከልኩትም፤ እንዲያውም ልብስ ሰፊዋ ጥፋተኛም ቢሆን ይብላ እያሉ ደህና ደህናውን ይጨምሩለት ነበር። እሱ ግን በመስታወቱ በኩል ጥፍሩን እያንኳኳ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። በመንገድ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቁሞኝ ምን እንዳጠፋሁ ሲጠፋኝ እኔም እንደዚያ ነበር የማየው።

ሸርጣኑ ታስሮም ጃንጥላው ከሰዓት ከሰዓት መውረዱን አልተወም። እኔ ፓምፑን ጠረጠርኩ። በኋላ እንደሰማሁት ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ቀንድ አውጣ ተደብቆ ይኖራል ብለው ድንጋዩን ሲፈትሹ ነበር። ጃንጥላው በበኩሉ ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ፤ አንቺም በዚያ ሰሞን ደውለሽ ቲኬቴን ቆረጥኩ አልሽኝ። ኮራሎቹስ ምን እያደረጉ ነው? ስትዪኝ፣ እያረፉ ነው አልኩሽ። ውሸት አልነበረም።

አንድ ቀን የዳማ ጓደኛዬን ጉንፋን ስለጣለው ቶሎ ተመለስኩ። በሩን ከፍቼ ስገባ ልብስ ሰፊዋ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻቸው ጠቅልለው፣ ረጅሙን የላስቲክ ጓንት አጥልቀው፣ ክንዳቸውን ሙሉ በሙሉ ውኃ ውስጥ ከተዋል። ጉንጫቸው መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። በሌላኛው እጃቸው ጣት ላይ የስፌት ቀለበታቸው እንዳለ ነው፣ ማውለቁንም ረስተውታል። ጃንጥላውን ይዘው ቀስ እያሉ እያወረዱ፣ ና የኔ ጌታ፣ ወደ ቦታህ ውረድልኝ፣ እኚህ ሰውዬ መጥተው ሳያዩህ፣ ፊታቸው ሲጠቁር ማየት አልችልም እኮ፣ ይሉታል።

ዞር ሲሉ አዩኝ። ክንዳቸውን መዘዝ ሲያደርጉት ውኃው ጃኬቴ ድረስ ተረጨ። ምን እያደረጉ ነው? አልኳቸው። ይሄ ከይሲ ሸርጣን በየቀኑ ወደ ላይ ያወጣብዎታል፣ እኔ ደግሞ እርስዎ አይተው እንዳያዝኑ ዓሣ ሻጩ ወዳለው ቦታ በየቀኑ አወርደዋለሁ አሉኝ። እኔ ነኝ የማወጣው አልኳቸው ቀስ ብዬ። ለምን? አሉኝ። ታች ሆኖ አይታይም ስላሉ፣ እንዲያዩት ብዬ ነው አልኳቸው። ከዚያ ሁለታችንም ዞረን ሸርጣኑን አየነው። ብርጭቆው ውስጥ ሆኖ ጥፍሩን አነሳ።

ልጄ፣ እንደዚያ የሳቅኩበትን ቀን አላስታውስም። ልብስ ሰፊዋ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፣ እኔም ጉልበቴን ረስቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ይሄ ምስኪን ኮራል ጠዋት በእኔ ከሰዓት በእሳቸው እየተነሳ፣ እንዴት ብሎ ይፍካ? ሁለት ሽማግሌ ለመገላገል ሲታገል ነው የከረመው። እናትሽ ካረፈች ወዲህ በዚህ ቤት እንደዚያ ተስቆ አያውቅም። ስቄ ስቄ ስጨርስ እንባዬ መጣ፣ የእሳቸውም መጣ፤ እጃቸው በጨው ውኃ ስለራሰ ዓይናቸውን መጥረግ ስላልቻሉ መሀረቤን ሰጠኋቸው። እስካሁን አልመለሱልኝም፣ አልጠየቅኳቸውምም።

ሸርጣኑን ይቅርታ ጠይቀን ፈታነው። በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ የቤት ጃኬቴን ወስደው ሁለት ትልልቅ ኪስ ሰፉበት። የእሳቸው ቀሚስ ኪስ የሚባል ነገር አልነበረውም፤ የሰውን ሁሉ ኪስ ሲሰፉ ኖረው ለራሳቸው አንድ እንኳ የላቸውም! ለእሱም ሁለት ኪስ ቀጠሉለት። ከዚያ ወዲህ አኳሪየሙ ፊት ስንቀመጥ ሕጉ አንድ ነው፤ እጅ ኪስ ውስጥ። ለሻይ ብቻ አንድ እጅ ይፈቀዳል።

ግን ችግሩ አላበቃም ነበር። እጃችንን በሰበሰብን ማግስት ጃንጥላው ባሰበት። አናቱ ሰም የተቀባ ይመስል አብለጨለጨ፣ ቀለሙ ዳመነ፣ ጣት የሚባል ነገር ጠፋ። ሮጬ ዓሣ ሻጩ ጋ ሄድኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ የሸርጣኑን እስር ግን ዘለልኩት። ሰምቶ ሲያበቃ፣ ቆዳውን ሊገፍ ይሆናል፣ ወይም ደክሞት ይሆናል፣ አሁን መናገር አይቻልም አለኝ። ታዲያ ምን ላድርግ? ስለው፣ እጅዎ የት ነው? አለኝ። ኪሴ ውስጥ አልኩት። እዚያው ይቆይ አለኝ።

የምትመጪበት ጊዜ እየቀረበ ነው፣ ጃንጥላው እንደሞተ ነው። ቃሌን የማጥፍ ሰው አይደለሁምና አንድ ጠዋት ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርጄ አቧራውን ጠረግኩት። ልብስ ሰፊዋ ሻይ ይዘው ሲገቡ ሻንጣውን አዩት። ሻዩን አስቀምጠው ወጡ፣ ያን ቀን የስፌት መኪናዋ ድምፅ አልተሰማም። ሬዲዮ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ። ጣሪያውን እያየሁ ዋልኩ። ዕቃ መሸከም ስለማልወድ እንዳልሆነ ያን ቀን ገባኝ። ሻንጣው እኮ ባዶውን ነበር፣ እጄ ግን ሊያነሳው አቃተው።

አሁን እልል በይ! ከዚያ ወዲህ ሳይሰነብት አንድ ጠዋት መብራቱን ሳበራ፣ ከጃንጥላው አናት ላይ የሆነ ስስ ነገር እንደ አሮጌ ፌስታል ተገፎ በሞገዱ እየተውለበለበ ነው። ከሥሩ አዲስ ቆዳ፣ ልስልስ ያለ፣ ንጹሕ። ዓይኔን አሸሁ። አንድ ጣት፣ እዚያ ማዶ ሌላ ጣት፣ እያየሁት አናቱ በሙሉ ጣት በጣት ሆነ! በሩን ከፍቼ በደረጃው ጮህኩ። ልብስ ሰፊዋ አንድ እግራቸው ጫማ፣ አንድ እግራቸው ነጠላ ጫማ፣ በጥርሳቸው ስፒል ነክሰው እየሮጡ ወረዱ። ምን ሆኑ ሊሉኝ አልቻሉም፣ ስፒሉ አላስወራቸውም። በጣቴ አሳየኋቸው። ስፒሉን አንድ በአንድ እያወጡ ኮሌታዬ ላይ ሰኩት፣ ዓይናቸውን ግን ከጃንጥላው አልነቀሉም። እሰይ፣ እሰይ የኔ ጌታ! አሉ። እኔን ይሁን ኮራሉን አልጠየቅኩም።

አጨብጫቢው ደግሞ እስከ እኩለ ቀን አስጠበቀን። መጀመሪያ አንድ መዳፍ ጭብጥ ዘርጋ አለ። ቀጥሎ ጎረቤቱ። ከዚያ ሁሉም ተያያዙት፣ ማጨብጨብ ብቻ! ልብስ ሰፊዋ ሕጉን ረስተው እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና አብረውት አጨበጨቡ። እጅ ኪስ ውስጥ ብላቸው፣ ሂድ አንተ ደግሞ! አለችኝ። አሉኝ ማለቴ ነው። ከታች ያሉት ጎረቤት ሰላም ነው ወይ ብለው ሊጠይቁ መጡ፤ ኮራል አጨበጨበልን አልናቸው። አንገታቸውን ነቅንቀው ተመለሱ።

ሸርጣኑ አሁን ውሎው ጃንጥላው ሥር ነው። ይቅር ብሎናል መሰለኝ። የመጨረሻውን የመጋረጃ ድርብም አንስተናል፤ ልብስ ሰፊዋ አጣጥፈው ቁም ሳጥኔ ውስጥ አስቀመጡት። ሻንጣውንም መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ተረታሻል፣ ልጄ! ቀለም የተቀባውን ክፍል ግን ባለቤትሽ ዕቃ እንዳያጉርበት፤ በእንግድነት እንመጣበታለን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የቀረኝ ነገር አለ። የእናትሽ ፎቶ ከቦታው ንቅንቅ አላለም። ልብስ ሰፊዋ ናቸው የሚወለውሉት፣ እኔማ መስታወቱን አደበዝዘው ነበር። አንድ ቀን እየወለወሉ፣ ስለ እሳቸው ይንገሩኝ አሉኝ። ነገርኳቸው፤ ብዙ ነገርኳቸው። ይሄን የሸርጣን ነገር ብትሰማ ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው አልኳቸው። ፎቶውን በጨርቁ እንደያዙ፣ ልጅዎስ? እሷስ ስትሰማ ትስቃለች? አሉኝ። አላውቅም፣ እጠይቃታለሁ አልኩ። ይኸው፣ እየጠየቅኩሽ ነው። ውርርዱን ባሸንፍም መልስሽን እስክሰማ ልቤ አያርፍም።

ስትመጪ ፈጣሪ መንገድሽን ቀና ያድርግልሽ። እጅሽ የነካው በሽተኛ ሁሉ ይዳን። ባለቤትሽን ጎንበስ ብሎ ጫማውን ለማሰር ያብቃው። ቤታችሁ ሳቅ አይጣ፣ ማጀታችሁ አይጉደል፣ እኔንም ዓይንሽን ለማየት ያድርሰኝ።

የሚወድሽ
አባትሽ

ሞት ይርሳኝ! የትከሻሽን፣ የወገብሽንና የቁመትሽን ልክ ላኪልኝ፣ የባለቤትሽንም ጨምሪ። ለእኔ ሙሉ ልብስ ተለክቶልኛል፤ ከአንቺ ሰርግ ወዲህ ለብሼ አላውቅም፣ ጨርቁ ደግሞ የሚያምር ነው። ለአንቺ ቀሚሱ ኪስ ይኑረው አይኑረው ብለህ ጠይቃት ተብያለሁ። ይኑረው በያቸው። እዚህ ስትደርሺ እጅሽን የምትከቺበት ያስፈልግሻል።